የተለወጠውን ብቻ

«አንዱን ልጅ ይምረጡና ላጥፋው» አለ ሰይፈዲን።

የቀለመወርቅ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ልጅ እግር ነው፤ ጸጉሩን በአጭሩ የተቆረጠ፣ ሸሚዙና ሱሪው የተተኮሰ፣ ሲበዛ ጨዋ። ሲበዛ ጨዋ የሆነ ሰው ደግሞ በዚህ ዘመን ያስፈራል።

«ምን አልከኝ አንተ?»

«ፋይሉን ማለቴ ነው እትዬ። አንድ ፋይል አጥፍቼ ከግልባጩ መልሼ ላሳይዎት ነው። ሳይሞከር የትኛው እንደሚሻል በምን ያውቃሉ? የማያስፈልግ አንድ ይስጡኝ።»

«እዚህ ውስጥ የማያስፈልግ ልጅ የለም።»

እውነቷን ነው። መሥሪያ ቤታቸው ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራው በሰባ ሰባቱ ድርቅና ከዚያ ወዲህ በመጣው ሰፈራ ከወላጅ ለተነጠሉ ልጆች ዘመድ ማፈላለግ ነው። የልጁ ስም፣ ያገሩ ስም፣ ገላው ላይ ያለ ምልክት፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ፣ የሚፈልገው ሰው። ድሮ ሁሉም በወረቀት ነበር። ባለፈው ክረምት የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰና ዶሴው ሊጥ ሆነ። ቀለመወርቅ የቀድሞ ታይፒስት ናትና የተረፈውን እያደረቀች፣ አንድ ልጅ አንድ ፋይል እያደረገች፣ እርዳታ ሰጪዎች ባመጡት ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባችው። ወረቀቱ ሻግቶ ስለነበር ተቃጠለ። አሁን ልጆቹ ያሉት በዚህች ሣጥን ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ሦስት ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት ስለሆነች ሣጥኗንም እንደ ልጅ ነው የያዘቻት። አቧራ እንዳይነካት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ታለብሳታለች፤ ክፍሉም ውስጥ በነጠላ ጫማ እንጂ በውጭ ጫማ አትገባም።

ሰሞኑን ታዲያ ሣጥኗ ድምፅ አመጣች። ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ቀጭ ቀጭ ትላለች። ሰይፈዲን ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ጆሮውን አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ፣ «ይቺ ዲስክ ልትሞት ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። አዲሷ እስክትመጣ ግልባጭ ያስፈልጋታል» አለ። ዛሬ ደግሞ የግልባጩን መሣሪያ ሊያስመርጣት መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ደመቀ ከምሳ በፊት መልስ እፈልጋለሁ ብለዋል።

የሚመረጠው ከሁለት ነው። አንደኛው ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ፣ አንዱ ዲስኬት ሲሞላ ወደሚቀጥለው እያሻገረ፣ እንደ አህያ ጭነት ጠፍንጎ ያስረዋል። እሱ ራሱ ካልፈታው ማንም አያነበውም። ባለፈው ሳምንት ሰይፈዲን በዚህ ሁሉንም ገልብጦ ነበር። ሁለተኛው ከዋናው መሥሪያ ቤት ይዞት የመጣው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

«ይሄኛው የሚገለብጠው እርስዎ የመረጡትን ብቻ ነው» አለ። «ከመረጡትም ውስጥ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ። ዛሬ የነኩትን ልጅ ይወስዳል፤ ያልነኩትን ይተወዋል። ዲስኬት አይፈጅም። ደግሞ አያስርም። እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው፤ የትም ማሽን ላይ ይከፈታል።»

«የትም?»

«የትም።»

«ማንም ይከፍተዋል ማለት ነዋ።»

«አዎ» አለ፤ «ማንም።»

ይህ ልጅ ማንም የሚከፍተውን ነው የሚያስመርጣት። በዚያ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ጨመረበት። «አንዱ ቅጂ እዚህ ግቢ ባያድር ደግ ነው እትዬ። እሳት አለ፣ ዝናብ አለ። ቤትዎ ቢያስቀምጡት…»

ቤትዎ ሲላት ዓይኗ ሳታዘው መስኮቱ ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደ። ወንበሩ የአቶ ገብረአምላክ ነው። ገብረአምላክ ያልጨረሰውን ደብዳቤ እቤቱ ሊጨርስ የካርቦን ግልባጩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሲወጣ፣ በር ላይ ላንድሮቨር ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ እሱን ያየ የለም። ማን ጠቆመ ሲባል የክርስትና ልጁ ነው አሉ፤ ከመሶቡ ሲበላ የኖረ። ወንበሩን የሚቀመጥበት የለም፤ የሚያነሣውም የለም። ጥበቃው ባጫ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ቦርሳ ይፈትሻል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ተረቱ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

«የከሊፋ። እዚሁ 18 ማዞሪያ ጨርቅ የሚሸጡት።»

«ሚስኪ ናታ እናትህ! ሱቁ ውስጥ ከኋላ የምትቀመጠዋ።»

«አዎ እትዬ። ያውቋታል?»

«የልጄን የሠርግ ሻሽ ከሷ ነው የገዛሁት። በአላህ ትምልና ትቀንሳለች፤ እንደገና ትምልና ትጨምራለች።»

ሰይፈዲን ሳቀ። «እሷ ናት!»

ሲስቅ እናቱን መሰለ። ቀለመወርቅ ግን ልቧን አልከፈተችም። የደግ ሰው ልጅ መሆን ድሮ ዋስ ይሆን ነበር። ያ የክርስትና ልጅስ የደግ ሰው ልጅ አልነበረም እንዴ?

«እሺ፤ ልጅ አልሰጥም ካሉ አዲስ ይጻፉ» አለ ሰይፈዲን። «የሌለ ሰው ስም።»

ቀለመወርቅ የመጣላትን ልትጽፍ ጣቷን አስቀመጠች፤ የመጣላት ግን አንድ ስም ብቻ ነው። አምሐ። ልሰርዘው ስትል ጣቶቿ ቀደሟት። ስንቱን ልጅ ሲጽፉ የከረሙ ጣቶች ናቸው፤ ተራውን ያውቁታል። ምልክት፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ፤ ሕፃን ሆኖ ከአውቶቡስ ደረጃ የወደቀ ጊዜ። የሚፈልገው ሰው፣ እናቱ። መጨረሻ የታየበት ቦታ የሚለው ላይ ስትደርስ ደግሞ ያችን ከተማ ጻፈቻት። የመዝጋቢውን ስም የሚጠይቀውን፣ ጻፊ የሚለውን የመጨረሻውን መስመር ባዶ ተወችው።

አምሐ የመጨረሻ ልጇ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን የሄደ። ደብዳቤው ከዚያች ከተማ ይመጣ ነበር። ባለፈው መጋቢት ከተማይቱ በአማፅያን ተያዘች ተብሎ ተንሾካሾከ፤ ሬዲዮኑም ስሟን መጥራት ተወ፤ ደብዳቤውም በዚያው ቀረ። መሥሪያ ቤት ሲጠይቋት «ደህና ነው፣ ይጽፋል» ትላለች። ጠፋ ያለች እናት ነገ ልጅሽ ከዳ ትባላለችና። ሆድ ይፍጀው ብላ የነገረችው ለሚካኤል ብቻ ነው።

ሰይፈዲን አነበበው። አረንጓዴዎቹን ፊደላት ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይዘል። እሷ የሱን ዓይን ታነባለች። ቦታው ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከዚያ ዲስኬት ማስገባት ጀመረ።

አሁን ያዘኝ፤ አለች በልቧ። በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁት።

አዲሱን ፋይል በአንደኛው መንገድ ከባለፈው ሳምንት ጭነት ጋር አስሮ ጨመረው። በሁለተኛው መንገድ ደግሞ ለብቻው በሌላ ዲስኬት ገለበጠው።

«ላጥፋው?»

«አጥፋው።»

ጠፋ። ድምፅ እንኳ አላሰማም።

«መጀመሪያ በታሰረው እንመልሰው።» ማሽኑ የመጀመሪያውን ዲስኬት ጠየቀ፤ ሰጠው። ሁለተኛውን ጠየቀ፤ ሰጠው። ሦስተኛው ላይ ተንኮሻኮሸና ቆመ። አውጥቶ መለሰው፤ አሁንም ቆመ። ዲስኬቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሲያየው ጥቁሩ ላይ ክብ እድፍ ደርቋል።

«ውሃ ነክቶታል» አለ።

ቀለመወርቅ ወዲያው ገባት። የኅዳር ሚካኤል ለት ከቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ጠበል ይዛ መጥታ፣ ማሽኗ ትማርልኝ ብላ ክፍሉን ረጭታ ነበር። የዲስኬቱ ካርቶን ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር ለካ።

«ጠበል ነው» አለች። ይስቅብኛል ብላ ጠበቀች።

ሰይፈዲን አልሳቀም። «ጠበሉ ምን አደረገ እትዬ። ጥፋቱ የማሰሪያው ነው። አንዷ ስትረጥብ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ይቀራሉ።»

«ልጁስ?»

«የቱ ልጅ?»

«አሁን የጻፍኩት ነዋ።»

«በዚህ በኩል አይመለስም።»

የምታውቀው ነገር ነው፤ ሙከራ ነው። እንዲያም ሆኖ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሰይፈዲን አየት አደረጋትና ፈጠን ብሎ ሌላይቱን አንዲት ዲስኬት ከተተ። ዓይኗን ጨፍና ሳትገልጥ አምሐ መጣ። ከነጠባሳው፣ ከነከተማው፣ ከነእናቱ።

«ይኸው» አለ ሰይፈዲን ቀስ ብሎ። «በዚህኛው አንዷ ብትረጥብ እሷ ላይ ያለው ብቻ ነው የሚሄደው። የቀረው በየራሱ ይተርፋል።»

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ቀለመወርቅ ኮቴውን ታውቀዋለች። በሩ ሳይንኳኳ ሲከፈት እጇ ዳንቴሉን አንሥቶ ማሽኑ ላይ ጣለው።

«እህሳ፣ መረጣችሁ?» አሉ ጓድ ደመቀ። ጓድ ደመቀ በዕድሜ ያንሷታል፤ አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን አንቱታን ትተዋል። «ጓድ ቀለመወርቅ፣ ጀግናው ልጅሽ እንዴት ነው? ይጽፋል?»

«ይጽፋል ጓድ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

በስሙ ዋሸች። ፊቷ ጋለ።

«ጥሩ። እኔ አስቤበታለሁ። ማሽኑ ከራሱ ጋር ባመጣው ይሁን። ይታሰር፣ ማንም አይየው። ሪፖርቱና የሠራተኛው ፋይል ይበቃል፤ ዲስኬት እንደ ልብ አይደለም።»

«ልጆቹስ ጓድ?»

«ልጆቹ ማሽኑ ውስጥ አሉ አይደል?»

«ማሽኑ ልትሞት ነው እየተባለ!»

«አዲስ ሲመጣ ይገቡበታላ።»

«ከየት ወጥተው?»

ጓድ ደመቀ ዳንቴሉን ነው የሚያዩት። ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን በቀዳዳው ሁሉ ይወጣል። በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው ገለጡት። አንገታቸውን አስግገው ፊደል እየቆጠሩ አነበቡ።

«አምሐ። ይሄ ያንቺ አምሐ ነው?»

ቀለመወርቅ ዳንቴሉን ልትመልስ እጇን ዘረጋች።

«የሙከራ ነው ጓድ» አለ ሰይፈዲን።

«ይቺ ከተማስ? ይቺም የሙከራ ናት?»

«አዎ።»

«ጻፊ የሚለው ባዶ ነው። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«የልጇን ስም ከየት አወቅኸው?»

«እሳቸው ሲያነሱት ሰምቼ። ስም ነበር የፈለግሁት፤ እሱ መጣልኝ።»

«ከተማዪቱንስ?»

«ከካርታ።»

ጓድ ደመቀ ቀና ብለው አዩት። ከደረት ኪሳቸው የኒያላ ፓኮ አወጡ፤ ሲጋራ ግን አላወጡም። ብዕር ነው ያወጡት።

«ሙሉ ስም?»

«ሰይፈዲን ከሊፋ።»

ፓኮው ጀርባ ላይ ጻፉት። «እንገናኛለን ወጣቱ» አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «ያልተፈቀደ ግልባጭ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ሰምታችኋል።»

ኮቴው እየራቀ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ የቀረው የማሽኗ ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነው።

ቀለመወርቅ አሁንም ጥርጣሬዋ አልለቀቃትም። ተንኮል ቢሆንስ? ሁለቱ ተመካክረው እሷን ሊያወጣጧት ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ነገር ስንት ቤት ተሠርቷል። ዓይኗ ግን ዝቅ ሲል የልጁን ሱሪ አየች። ያ ተተኩሶ ቀጥ ያለው መስመር ጉልበቱ ላይ ሲደርስ ይርገፈገፋል። እጁን ጫን አደረገበት፤ አልቆመለትም። አፍ ይዋሻል፤ ጉልበት መዋሸት አይችልም።

ሄደች፤ መስኮቱ ሥር ያለውን የገብረአምላክን ወንበር አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጎትታ አመጣች።

«ቁጭ በል።»

ተቀመጠ።

«ለምን እንዲህ አልክ አንተ ልጅ? ማን ጻፍኩ በል አለህ?»

«ምን ላድርግ እትዬ። ላንድሮቨር ከመጣ እኔ እሮጣለሁ። እርስዎ በዚህ ነጠላ ጫማ የት ይደርሳሉ?»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት፤ ዕንባዋም አብሮት መጣ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ጠረገች።

«በል ስማኝ» አለችው። «ጓድ ደመቀ ሪፖርቱ ይታሰር አሉ አይደል?»

«አሉ።»

«ይታሰርላቸው። እንዳሉት አድርገህ ጠፍንገው፤ ውሃ የነካቸው አሮጌዎቹ ዲስኬቶች ላይ። ደረቆቹን ለኔ ስጠኝ። ልጆቹን በዚያችኛዋ ገልብጥልኝ፤ መጀመሪያ ሁሉንም፣ ከነገ ጀምሮ የተለወጠውን ብቻ። እሱን እኔው እሠራዋለሁ፤ አሳየኝ።»

«ሁለት ቅጂ?»

«ሁለት። አንዱ እዚህ ይቀመጣል።»

ሌላው የት እንደሚሄድ አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም። ዲስኬት ይከታል፣ ያወጣል፤ እሷ በእርሳስ ቁጥር ትጽፍበታለች። ስሞቹ በስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሽው እያሉ ሲያልፉ የምታውቃቸውን በከንፈሯ ትጠራለች። ያችኛዋ አጎቷ ባለፈው ወር መጥቶ የጠየቃት ናት። ያኛው ስሙን እንጂ ያገሩን ስም የማያውቅ ነው።

ሰይፈዲን ሁለተኛውን ቅጂ ሲጨርስ ቀለመወርቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ከአባቷ የወረሰችው ዳዊት ከነቆዳ ማኅደሩ ሁልጊዜ አብሯት ነው። ባጫ ቦርሳዋን ሲፈትሽ የምሳ ዕቃዋን ሳይቀር ከፍቶ ያያል፤ ማኅደሩ ላይ ሲደርስ ግን ተሳልሞ ያሳልፋታል። ዳዊቱን አወጣችው። ማኅደሩ ባዶ ሲሆን ሰፊ ነው፤ ዲስኬቶቹም ስስ ናቸው። ልክ ሆኑ።

ዳዊቱን በእጇ ይዛ ቆመች። ሌሊት ተለይታው አታውቅም። በመጨረሻ ሳመችውና መሳቢያዋ ውስጥ አስተኛችው።

«ዛሬ አንተ እዚህ እደር» አለችው። «አንተ አትፈራም።»

ሰይፈዲን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የራሱን ዕቃ እየሰበሰበ፣ «አንድ ነገር ቀረን» አለ። «የሙከራው ስም። ልጆቹ ሲገለበጡ እሱም አብሮ ሄዷል። ከዚህም ከዚያም ላጥፋው? ጓድ ተመልሰው መጥተው ቢያዩት…»

«መጥተው ቢያዩት አንተ ጽፈኸው ያገኙታል።»

«ብያለሁ እኮ። ምንም አይደል።»

«እናትህ ሚስኪ ምንም አይደል ትላለች?»

ቀለመወርቅ ወደ ማሽኗ ተጠጋች። የአምሐን ፋይል ራሷ ከፈተችው። ስሙን አለፈች፣ ጠባሳውን አለፈች፣ ከተማይቱን አለፈች። ጻፊ የሚለው ባዶ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። አማተበች። ከዚያ የራሷን ስም ከነአባቷ ስም፣ እንደ ድሮ ታይፒስትነቷ ጣቶቿን ሳታይ መታችውና አስቀመጠችው።

ማኅደሩን ፈትታ የላይኛዋን ዲስኬት አወጣችና ዘረጋችለት።

«ይኸው ተለውጧል» አለችው። «እንደገና ገልብጠው።»